የመድረኩ ዋጋና የነጋዴው ሒሳብ

ኦፕንኤአይ የተሰኘው ኩባንያ የመጀመሪያውን የሶፍትዌር አልሚዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2023 በሳን ፍራንሲስኮ ሲከፍት፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳም አልትማን ያሰሙት የምሥራች ብዙ ነበር። ቻትጂፒቲን በወቅቱ በየሳምንቱ 100 ሚሊዮን ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ ጂፒቲ-4 ተርቦ የተባለው አዲስ ሞዴል ለሚቀበለው ጽሑፍ የሚከፈለው ዋጋ ወደ አንድ ሦስተኛ፣ ለሚያመነጨው ደግሞ ወደ ግማሽ ወርዷል። የማይክሮሶፍቱ ሳትያ ናዴላም መድረክ ላይ ወጥተው ትብብሩን አሞገሱ። ይሁንና ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመጠቀም ለሚያስቡ የንግድ ድርጅቶች ዋነኛው ትምህርት የተገኘው ከመድረኩ ንግግር ሳይሆን ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ከሆነው ነገር ነው።

ከ11 ቀናት በኋላ የኩባንያው ቦርድ አልትማንን አሰናበተ። ቢሊዮኖችን ያፈሰሰው ማይክሮሶፍት እንኳ ወሬውን የሰማው ይፋ ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት እንደነበረ በወቅቱ ተዘግቧል። ከ770 ገደማ ሠራተኞች ከ700 በላይ የሚሆኑት «እንለቃለን» ብለው ፈረሙ። ሰውየው በቀናት ውስጥ ወደ ወንበራቸው ቢመለሱም፣ አገልግሎታቸውን ሙሉ በሙሉ በዚህ አቅራቢ ላይ የገነቡ ድርጅቶች ግን ሰኞ ጠዋት ማን እንደሚያስተናግዳቸው ሳያውቁ ቅዳሜና እሑድን አሳለፉ።

ከዚህ ግርግር ይልቅ ብዙ ነጋዴዎችን የሚጎዳው ድምፅ የሌለው ለውጥ ነው። በማርች 2023 በታላቅ ጭብጨባ የቀረቡት የቻትጂፒቲ ተቀጥላ ፕሮግራሞች በኤፕሪል 2024 ተዘጉ። በጉባኤው «በዚህ ወር ይከፈታል» የተባለው የጂፒቲ መደብር የተከፈተው ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ነበር። በዚያው መድረክ የተዋወቀውና «አሲስታንትስ» የተባለው የአልሚዎች መሣሪያም ኦገስት 2026 ላይ እንደሚቋረጥ ኩባንያው በ2025 አስታውቋል። ሰነድ አስነብቦ ጥያቄ የሚያስመልስ ፕሮግራም ሲሸጡ የነበሩ ጀማሪ ድርጅቶችም ያው አገልግሎት በዋናው አቅራቢ ምርት ውስጥ ተካቶ ሲመጣ አዩ። ይህን ማታለል ማለት አይቻልም፤ ቴክኖሎጂው ገና አልረጋም። ሆኖም አንድ አነስተኛ ድርጅት በየዓመቱ አልሚ ቀጥሮ ሥርዓቱን እንደገና ለማስገንባት አቅም የለውም።

መውጫው ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የደንበኞች መዝገብ፣ ለሞዴሉ የሚሰጡ መመሪያዎችና የአሠራር ሰነዶች በአቅራቢው ቤት ሳይሆን በድርጅቱ እጅ ይቀመጡ። ደንበኞች በእርግጥ ያቀረቧቸው መቶ ያህል ጥያቄዎች ከትክክለኛ መልሶቻቸው ጋር በአንድ ፋይል ይሰብሰቡ። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር በዚያ ፋይል መፈተን ነው፤ ያላለፈውን መተው፣ ርካሽ ሆኖ ያለፈውን መውሰድ። አቅራቢ መቀየርም ያን ጊዜ የጥቂት ቀናት ሥራ እንጂ የሞት ሽረት ጉዳይ አይሆንም።

በጉባኤው ላይ ኩባንያው በቅጂ መብት የተከሰሱ ደንበኞቹን የሕግ ወጪ እንደሚሸፍን ቃል ገብቶ ነበር። መልካም ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ለደንበኛ የሚነግረው ስሕተት ከዚህ ሽፋን ውጪ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ዳኝነት አካል የተመለከተውን ጉዳይ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የኤር ካናዳ ቻትቦት ሴት አያቱ ለሞቱበት መንገደኛ የሐዘን ጉዞ ቅናሽን ከጉዞ በኋላ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው፤ የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለድርጊቱ ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል ነው የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ዳኛው ክርክሩን ውድቅ አድርገው 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፈል ወሰኑ። ገንዘቡ ኢምንት ነው። ውሳኔው ግን ቻትቦት በድረ ገጹ ላይ ለሚያስቀምጥ ነጋዴ ሁሉ ይናገራል።

በአማርኛ ለሚሠሩ ድርጅቶች ሌላም ሒሳብ አለ። ክፍያው የሚታሰበው በቶክን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፉን በሚቆራርጥባቸው ክፍልፋዮች ብዛት ነው። አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒውተር 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። መቁረጫው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሠለጠነ በመሆኑም አማርኛን ያደቅቀዋል፤ ተመሳሳይ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቶክን ይፈጃል። በሜይ 2024 ጂፒቲ-4ኦ ሲወጣ ኩባንያው አዲሱን መቁረጫ ለማሳየት 20 ቋንቋዎችን ዘረዘረ። ጉጃራቲ የሚፈጀው ቶክን በ4.4 እጥፍ ቀንሶ ታየ፤ አማርኛ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ በዋሽንግተን ያለ የጉዞ ወኪል ወይም በዱባይ ያለ የካርጎ ቢሮ በመድረክ የተነገረውን ዋጋ እንደ ራሱ ዋጋ ሊወስደው አይገባም። የአንድ ወር የአማርኛ መልእክቶቹን የሰዎቹን ስምና ስልክ አውጥቶ ይቁጠር። ኦፕንኤአይ ጽሑፍ ሲለጠፍበት ቶክን የሚቆጥር ነፃ ገጽ አለው፤ ሥራውም ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም።