መዥገሩ ያለው ሣሩ ላይ ነው

አልለቅ ያለን ሰው ሲገጥመን «እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ» እንላለን። ስለ ራሱ ስለ መዥገሩ ግን ብዙም አናወራም። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ቢሆንም ደሴ ዙሪያ ላደገ ሰው ነገሩ የቤት ጉዳይ ነው።

አጎቴ አንዲት የምትታለብ ላም አለችው። ክረምት በገባ ቁጥር ከገበያ ዲያዚኖን ይገዛል፣ በቆርኪ ይለካል፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይበጠብጥና ላሟን በጨርቅ ያብሳታል (ያውም በባዶ እጁ!)። ብዙም ሳይቆይ ግቷ ሥር መዥገሩ እንደ ባቄላ ተደርድሮ ይገኛል። ባለፈው ዓመት አንዱ ጡቷ ቆስሎ ደረቀ። ከአራት ጡት ሦስት ቀረ ማለት ነው። ከተማ ላለነው ቀላል ይመስለን ይሆናል፤ ለጥጃዋና ለቤቱ ልጆች ግን ቀላል አይደለም። ቆዳ ሲሸጥም የመዥገር ጠባሳ ዋጋ ያስቆርጣል።

አጎቴ «የዘንድሮ መድኃኒት ውኃ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። አቅጥኖ መርጨት ግን የባሰ ነው፤ ያልሞተው መዥገር እየለመደው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ መዥገር ከብቶች የሚነከሩበትን አርሴኒክ ለምዶ አርቢዎቹን አስቸግሯል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ። መዥገር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው መሬት ላይ ነው። ደም ጠጥታ የጠገበች ሴት መዥገር ትወድቅና በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ የተፈለፈሉት ጥቃቅኖች ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው የሚያልፍ ከብት ይጠብቃሉ። ያ ሣር ደግሞ የወል ነው፤ የጎረቤት በሬም፣ በግና ፍየልም ይውልበታል። አምብሊዮማ የሚባለው ትልቁ መዥገር በሕይወቱ ሦስት ጊዜ እንስሳ ይለዋውጣል፤ ትንሽ ሳለ በግና ፍየል ላይም ይገኛል። እኛ ግን የምንረጨው የምትታለበዋን ብቻ! ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ስለዚህ ርጭቱን ቅሬ ይያዘው እላለሁ። ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እስላሙንም ክርስቲያኑንም ይዞ ይቀብራል፣ ያስታርቃል፣ የቀረውን ይቀጣል። ታዲያ በአንድ ግጦሽ የሚውለው ከብት ሁሉ፣ በግና ፍየሉም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይረጭ፣ በሦስተኛው ሳምንት ይደገም ብሎ ቢወስን ማን እምቢ ይላል? በመዋጮው መርጫ ይገዛ፤ መጠኑን የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይለካ፣ ቆርኪው ይቅር። ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ መዥገሩን በብልቃጥ ይዞ ሄዶ ዓይነቱን መጠየቅ ነው።

«ቅሬ የለቅሶ ነው፣ ከብት ምን አገባው?» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ አጎቴም አንዱ ነው። ከብት የሌለው ለምን ያዋጣል የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። መዋጮው በከብት ቁጥር ይሁን። ሃያ ፍየል ያለው ሰው ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ያጉረምርም፣ ግን ቅሬው ፊት ይሁን፤ ያውም ዝናቡ ሳይጥል፣ በግንቦት።