ከአግዳሚው ወንበር መነሣት

ልጅን ወደ መጫወቻ ሥፍራ መውሰድና ከልጅ ጋር መጫወት ለየቅል ናቸው። እሑድ ከቀትር በኋላ በአዲስ አበባ ወደ አንዱ የልጆች መጫወቻ ጎራ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገውም። ልጁ በሚሽከረከረው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይዞራል፤ በዞረም ቁጥር እናትና አባቱን በዓይኑ ይፈልጋል። እናት የልጁን ኮትና የሚጠጣውን ውሃ ታቅፋ ቆማለች። አባት ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሆኖ ስልኩን ይመለከታል፤ አንዳንዴ ቀና ቢልም ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። የቲኬቱን ዋጋ ከፍሏልና የአባትነት ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል።

በበኩሌ ይህ ልማድ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ። ይልቁንም እንደ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሥራ ከያዙ ብዙ ጊዜ ያልሆናቸው፥ ጎጆም የቀለሱ ወጣቶች ሊያስቡበት ይገባል። ለምን ቢባል፥ ከሰኞ ጀምሮ ማልደን ወደ ቢሮ እንሄዳለን፤ ማታ ስንመለስ ሕፃኑ ተኝቶ ይቆየናል። እንግዲህ ለልጁ የተረፈችው እሑድ ብቻ ናት ማለት ነው።

ስለ አግዳሚ ወንበር ካነሣን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በካርቱን ፊልም ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ግሪፊዝ ፓርክ ወደሚባለው መናፈሻ ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን ይዞ ይሄድ ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ሲጫወቱ እርሱ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። በኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፥ ወላጆችና ልጆች ባንድነት የሚደሰቱበት ሥፍራ መኖር አለበት የሚለው አሳብ የመጣለት እዚያ ተቀምጦ ሳለ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላም፥ ብርቱካን ይለማበት በነበረ መሬት ላይ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ ዲዝኒላንድ ተሠራ። የተከፈተውም ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 17 ቀን 1955) ሲሆን፥ ቀኑ እሑድ ነበረ። እንግዲህ ያ ሰው የሰለቸውን ወንበር እኛ ወደንና ፈቅደን እንቀመጥበታለን ማለት ነው።

«ትልቅ ሰው ከሕፃን ጋር ሲዞር ቢታይ ክብሩ አይቀነስምን? ይህስ የፈረንጅ ልማድ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የራሱን አገር ልማድ የዘነጋ ነው። ማታ በእሳት ዳር ሕፃኑ «እንቆቅልሽ» ሲለው «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ፥ መልሱም ቢጠፋው ለዚያ ሕፃን አገር የሚሰጥ ስንት ሽማግሌ ነበረ! ቡሄ ሲደርስ ለልጁ ጅራፍ የሚገምድ፥ አጯጯኹንም የሚያሳይ ስንት አባት ነበረ! ከእነዚህ አንዱ ስንኳ ክብሩ አልጐደለበትም።

ዳሩ ግን ከወንበሩ የተነሣ ሁሉ ከልጁ ጋር ተጫወተ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ወላጅ «ገንዘቤን ከፍያለሁ» በማለት ልጁን ካንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ይጐትተዋል። ሕፃኑ ከፍ ያለውን ነገር አይቶ ሲያለቅስ «ወንድ አይደለህም ወይ?» ይለዋል። ቁመቱ አልደረሰም ሲባልም በጣቱ እንዲቆም በጆሮው የሚመክረው አለ። በዲዝኒላንድ ስፔስ ማውንቴን በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ቁመቱ 102 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይሳፈርም። ይህ የሆነው ሕፃናትን ለመናቅ ሳይሆን፥ መቀመጫውና ማገጃው በተወሰነ ቁመት ልክ ስለ ተሠራ ነው። ይህን ደንብ በተንኰል የሚያልፍ አባት ልጁን ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ ማታለልን በዚያው ያስተምረዋል። ቁመት መለኪያ ተበጅቶለታል፤ ፍርሀት ግን መለኪያ ስለሌለው ወላጅ ራሱ የልጁን ፊት አይቶ ሊያውቀው ይገባል።

በዚሁ ሥፍራ ሕፃን ይዘው ለሚመጡ ባልና ሚስት የተደረገ አንድ መልካም ሥርዓት አለ። አንደኛው ከሕፃኑ ጋር ሲቆይ ሌላው ይሳፈራል፤ ሲመለስም ሕፃኑን ይረከብና፥ የቆየው እንደ ገና ረጅም ሰልፍ ሳይጠብቅ በተራው ይሳፈራል። ይህን ለመከተል እኛ ዶላርም መሣሪያም አያስፈልገንም። አባት ኮቱንና ውሃውን ተቀብሎ እናትን «ሂጂ፥ አሁን ደግሞ አንቺ አጫውቺው» ቢላት ምን ይጐድልበታል?

የሚጠቅመው ነገር ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዲዝኒላንድ በተከፈተበት ቀን ፀሐዩ ብርቱ ነበረ፤ የቧንቧ ሠራተኞች አድማ አድርገው ስለ ነበረም የሚጠጣ ውሃ እንደ ልብ አልተገኘም። ያን ያህል ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ሥፍራ ሕፃን ውሃ ሲጠማው ምን ደስታ ይሰጠዋል? ስለዚህ ሕፃን ይዞ የሚወጣ ሰው ፀሐይ ሳይበረታ ይሂድ፤ ልጁን አብልቶ፥ ውሃም ይዞ ይውጣ፤ የእንቅልፉ ሰዓት ሳይደርስም ይመለስ። ልጁ ያንኑ ፈረስ ሦስት ጊዜ ልዙር ቢል ይዙር፤ የቀሩት መጫወቻዎች ሳይታዩ ቢቀሩ ዕዳ አይሆኑበትም።

የቲኬት ዋጋ ለጀማሪ ደመወዝተኛ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሁለት መጫወቻ ከአባቱ ጋር ያየ ሕፃን፥ ዐሥሩን ብቻውን ከዞረው ይልቅ ደስ ብሎት ይገባል። ገንዘቡ ጨርሶ የታጣ እንደ ሆነም በደጅ ካለ ዛፍ ሥር ኩኩሉ መጫወት ማንም አይከለክልም።

እናንተም ገና ያላገባችሁ ተማሪዎች ነገሩ አይመለከተንም አትበሉ። ታናሽ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ ይኖራችኋል። በሚመጣው እሑድ እጁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሲሮጥ አብራችሁት ሩጡ፥ ፈርቶ ሲቆምም አብራችሁት ቁሙ፤ ደከመኝ ሲል አዝላችሁት ግቡ።