ደብዳቤው የት ነው የተቀመጠው?



በእኛ አገር ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ በር አያንኳኳም፤ ፖስታ ቤት ሄደን ሣጥናችንን እንከፍታለን። ኢሜይልም እንደዚያው ነው። የተላከልን መልእክት መጀመሪያ የሚያርፈው አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሣጥኑን ስንከፍት ነው።

ፖፕ የሚባለው አሠራር ደብዳቤውን አውጥቶ ቤት ይዞት ይገባል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያወርደዋል፤ ቅጂ እንዲተው ካልታዘዘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋዋል። አይማፕ ግን ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ያስነብባችኋል። በስልክ ያነበባችሁት ኮምፒውተሩም ላይ የተነበበ ሆኖ ይታያል። ዕድሜያቸው ብዙም አይራራቅም፤ ፖፕ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1984 ወጣ፣ አይማፕን ደግሞ ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሠራው። ፖፕን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየጮኸ በሚገናኝበትና ሒሳቡ በደቂቃ በሚቆጠርበት ዘመን፣ አውርዶ፣ መስመር ዘግቶ፣ ተረጋግቶ ማንበብ ብልህነት ነበር።

ችግሩ ዘመኑ አልፎም ኮምፒውተሩ በዚያው አሠራር መቀጠሉ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ስዊድን ካለችው ልጃቸው ጋር ለዓመታት የተጻጻፉትን ለማየት የሟችን ኢሜይል በስልክ አስከፈቱ። ሣጥኑ ባዶ! «ሰው ገብቶ አጠፋብን» ብለው ቤተሰቡ ሁሉ ተጨነቁ። አሮጌው ኮምፒውተር ግን ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፤ ገዢ ተገኝቶለት ቅዳሜ ሊወሰድ ነው። «ለጊዜው ይቆይ» ብዬ ለመንኳቸው። ስንከፍተው የልጅቱ ደብዳቤዎች ከነልጅ ልጃቸው ፎቶ አውትሉክ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። የተከማቹት ስሙ በፒኤስቲ በሚያልቅ አንድ ፋይል ውስጥ ነበርና፣ ፕሮግራሙን ዘግተን በሁለት ፍላሽ ገለበጥነው።

ቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ፣ ከመሸጣችሁ ወይም ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት የኢሜይል ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የአካውንቱን ዓይነት እዩ። ፖፕ ከሆነ ደብዳቤው ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል።

አይማፕም የራሱ ጣጣ አለው። ስልክ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ያጠፋችሁት ደብዳቤ ከሰርቨሩም ከኮምፒውተሩም ይጠፋል። ለጎረቤቴ ስልካቸውን በአይማፕ አስተካክዬ የማጥፊያዋን ምልክት እንዳይነኩ ባስጠነቅቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የሰው ደብዳቤ ቀድጄ አላውቅም» አሉኝ።