ከመካነ ብርሃን የሚደወል ስልክ፦ አነስተኛ የጥሪ ማዕከል ምን ያህል አቅም ይፈልጋል?

በጃናሞራ ወረዳ መካነ ብርሃን የሚኖር ተገልጋይ የዞን መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲገጥመው የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ደባርቅ መድረስ ይኖርበታል። ጉዞው ገንዘብና የሥራ ቀን ያስከፍላል። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊመለስ የሚችል ነው፦ ምን ማስረጃ ልያዝ? ፋይሌ የት ደረሰ? ኃላፊው አለ ወይ?

በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ወደ ክልሎች እየሰፋ ባለበት በዚህ ወቅት፣ በኢንተርኔት ስልክ የሚሠራ አነስተኛ የጥሪ ማዕከል ለእንዲህ ያለው ተገልጋይ ምን ይጠቅማል? ምንስ ይጠይቃል? የሚሉትን ጥያቄዎች ማየት ተገቢ ነው።

የመስመር አቅም

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ደዋዩ ኢንተርኔት እንደማያስፈልገው ነው። ጥሪው በተለመደው የስልክ ኔትወርክ ይነሣል፤ ወደ ኢንተርኔት መስመር የሚሸጋገረው ወደ ማዕከሉ ሲገባ ነው።

ማዕከሉ በሰዓት 60 ጥሪ ቢቀበልና እያንዳንዱ ጥሪ 4 ደቂቃ ቢወስድ፣ በየሰዓቱ የ240 ደቂቃ ንግግር ይስተናገዳል። ይህም ያለ ዕረፍት የ4 ሠራተኞች ሥራ ነው። ሆኖም ጥሪዎች በእኩል ርቀት ስለማይመጡ፣ ደዋዮች ብዙ ሳይጠብቁ እንዲስተናገዱ 7 ያህል ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። በወረፋ ላይ ያሉትን ጨምሮ 10 ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ቢኖሩ፣ ያልታመቀ ድምፅ ለአንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 90 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ ጠቅላላ ፍላጎቱ ከ1 ሜጋ ቢት በታች ነው። ድምፁ ከታመቀ ወደ ሲሶው ይወርዳል።

በመሆኑም ዋናው ጉዳይ የመስመሩ ስፋት ሳይሆን ጽናቱ ነው። ድምፅ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በ150 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰ ንግግሩ መደራረብ ይጀምራል፤ የመረጃ መጥፋት ከ1 በመቶ ሲበልጥም ቃላት ይቆራረጣሉ። ስለዚህ የድምፅ መስመሩን ከቢሮው የፋይልና የቪዲዮ አጠቃቀም መለየት፣ እንዲሁም ሁለተኛ አማራጭ መስመር ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሰርቨርና ኃይል

ለዚህ መጠን አስቴሪስክን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር የተጫነበት አንድ መካከለኛ ሰርቨር በቂ ነው። ንግግሮች ቢቀረጹ የአንድ ቀን ቅጂ 1 ጊጋ ባይት ገደማ በመሆኑ፣ 1 ቴራ ባይት ማከማቻ ከሦስት ዓመት በላይ ያገለግላል። በደባርቅም ሆነ በዳባት ማዕከል የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ከሰርቨሩ ይልቅ ለዩፒኤስና ለጄኔሬተር ቢጨነቅ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩም ሆነ መስመሩ ሥራ ያቆማሉና።

ከ8028 የሚወሰድ ትምህርት

በ2006 ዓ.ም. ለአርሶ አደሮች የተከፈተው 8028 የግብርና መረጃን በተቀረጸ ድምፅ በተለያዩ ቋንቋዎች በማድረስ ይታወቃል። ተደጋጋሚ ጥያቄዎችን በተቀረጸ ድምፅ መመለስ የሠራተኛውን ጊዜ ይቆጥባል፤ ውስብስብ ጉዳይ ግን ወደ ሰው መድረስ አለበት። ሠራተኛውም የፋይሉን ሁኔታ በኮምፒዩተሩ ማየት ካልቻለ፣ «ቢሮ መጥተው ይጠይቁ» ከማለት ያለፈ መልስ አይኖረውም። ያን ጊዜ ተገልጋዩ ከጉዞው አልዳነም።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ ቁጥር 761/2004 የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ያስጠይቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ዘርፉን በፈቃድ የሚመራ አድርጎታል። ስለሆነም ማዕከሉ መስመሩን ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር ሊያገኝ ይገባል። የደዋዩ ስምና ድምፅም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቁ ናቸው።

ተገልጋዮች ሲደውሉ የጉዳያቸውን መከታተያ ቁጥር እንዲጠይቁ፣ የባንክም ሆነ የሞባይል ገንዘብ የምስጢር ቁጥራቸውን ግን ለማንም እንዳይሰጡ እናሳስባለን። የጥሪ ማዕከል ስኬት የሚለካው በተነሡ ስልኮች ብዛት ሳይሆን፣ ደባርቅ ድረስ መሄድ ሳያስፈልጋቸው በተፈጸሙ ጉዳዮች ነው።