ላላገኘነው ወለድ ግብር፦ «ክፈልና ተገላገል» ለሚሉን መካሪዎች

እንግሊዝ አገር በምንኖር ሐበሾች መካከል አሁን አሁን ደጋግሞ የሚነሣ ወሬ አለ፤ የቡናማው ፖስታ ወሬ። ኤችኤምአርሲ የሚባለው የግብር መሥሪያ ቤት «ባለፈው ዓመት ከቁጠባህ ይህን ያህል ወለድ አግኝተሃል፣ ስለዚህ ይህን ያህል ግብር አለብህ» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው የባንክ ወረቀቱን ቢያገላብጥ ያን ያህል ወለድ የለም። ይደውላል፣ ይጽፋል፣ ይስተካከላል። በዓመቱ ያው ደብዳቤ፣ ያው ስህተት። ይህን ለወዳጅ ዘመድ ሲያማክር የሚያገኘው መልስ ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፦ «ምን አስጨነቀህ? መቶ ፓውንድ ናት። ክፈልና ተገላገል።»

የዛሬው ጽሑፌ ጠቡ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ብቻ አይደለም። ከዚህ ምክር ጋርም ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 የቁጠባ ወለድ ነፃ ገደብ ሲወጣ፣ በመሠረታዊው የግብር እርከን ላለ ሰው 1,000 ፓውንድ፣ ከፍ ባለው እርከን ላለ 500 ፓውንድ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ ባንክ ዋና የወለድ ተመን 0.5 በመቶ ነበር፤ በኦገስት 2023 5.25 በመቶ ደረሰ። ሒሳቡን ሥሩት፦ ባንክ 1 በመቶ ሲከፍል ገደቡን ለማለፍ 100,000 ፓውንድ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር፤ 5 በመቶ ሲከፍል 20,000 ይበቃል። ቤት ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ የሚያጠራቅም የአውቶቡስ ሹፌር፣ አዲስ አበባ ጅምር ቤቱን ለመጨረስ የሚቆጥብ ነርስ፣ ሳያውቁት ወለድ ግብር ከፋይ ሆነዋል። በእርግጥ ያለባችሁ ዕዳ ከሆነ ክፈሉ፤ በእሱ ክርክር የለኝም።

ክርክሩ የሌለው ወለድ ላይ ነው። ስህተቱስ ለምን ይደጋገማል? አሠራሩን ያየ ሰው አይገርመውም። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 ሲዘጋ ባንኮች ለየሰው የከፈሉትን ወለድ ለመሥሪያ ቤቱ ይልካሉ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ወስዶ ያለፈውን ዓመት ያሰላል፤ እዚህ ላይ ብቻ ቢያቆም መልካም ነበር። ግን «ዘንድሮም ያንኑ ያህል ታገኛለህ» ብሎ ይገምትና በታክስ ኮድህ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ አሠሪህ በየወሩ ከደመወዝህ ይቆርጣል።

እንበል፣ አንዲት ሴት ለ3 ዓመት የማይነካ ቁጠባ አስገባች፤ ወለዱ የሚከፈለው በመጨረሻ ነው። ጊዜው ሲደርስ 1,900 ፓውንድ ወለድ በአንድ ዓመት ተቆጠረባት። ከገደቡ 900 አለፈ፤ በ20 በመቶ 180 ፓውንድ። ይህ ትክክል ነው፣ ትክፈል። ገንዘቡን ግን ወዲያው አውጥታ ለቤት ከፍላበታለች። በሚቀጥለው ዓመት ወለዷ 300 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ታክስ ኮዷ ግን አሁንም 1,900 ታገኛለች ብሎ በወር 15 ፓውንድ ይቆርጣታል። ገንዘቡ የለም፤ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ግምቱ ግን በሕይወት አለ። ሟች ላይ የሚቆጠር ቀለብ ማለት ይኸው ነው።

በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባቸው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። ከወለድ ውጭ ያለው ገቢህ በዓመት ከ17,570 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ከ1,000ው በላይ እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ ተጨማሪ ግብር የማይከፈልበት የወለድ እርከን አለህ። በትርፍ ሰዓት የጽዳት ሥራ 14,000 ፓውንድ የምታገኝ እናት 1,400 ፓውንድ ወለድ ብታገኝ ከዚያ ላይ የምትከፍለው ግብር ዜሮ ነው። 80 ፓውንድ ክፈይ የሚል ወረቀት ቢመጣባት ግን «መንግሥት ካለ ልክ ነው» ብላ ትከፍላለች። የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። አለማወቋ ጥፋቷ አይደለም፤ ወረቀቱን በማታነበው ቋንቋ የጻፈላት ክፍል ግን ያውቃል።

አሁን ወደ ስማችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ የእኛ ማኅበረሰብ ከሌላው የተለየ ችግር አለበት ብዬ አምናለሁ። አይሳ ከሚባለው ከግብር ነፃ ሒሳብ በቀር፣ ባንኮች ለተራ ቁጠባ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር የመጠየቅ ግዴታ ሳይኖርባቸው ነው የቆዩት። ስለዚህ ከባንክ የመጣውን ወለድ ከትክክለኛው ሰው ጋር ማገናኘት የሚቻለው በስም፣ በአድራሻና በልደት ቀን ነው። ለአንድ እንግሊዛዊ ይህ ይበቃ ይሆናል። ለእኛስ? ተስፋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? በአንድ ኤስ፣ በሁለት ኤስ፣ መጨረሻው በአንድ ኢ፣ በሁለት ኢ። መሐመድ፣ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል፣ አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ተነጣጥሎ። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም፣ ባንኩ ላይ የአባት ስም ሰፍሮ ይገኛል። የልደት ቀን ከተነሣማ፣ በስደት ወረቀት የመጣን ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 የተወለድነው? አንድ አዳራሽ ተከራይተን ልደታችንን በጋራ ብናከብር ወጪ ይቀንስልን ነበር። በዚያ ላይ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ አድራሻ ስንት ሰው ተቀብሎ አልፏል። በእንዲህ ያለ መረጃ የአንዱን ወለድ ለሌላው መስጠት ተአምር አይጠይቅም።

ዕቁብና እድርም አለ። ገንዘብ ያዡ በስሙ ሒሳብ ከፍቶ የ30 ሰው ገንዘብ ያስቀምጣል። ባንኩ የሚያውቀው አንድ ስም ነው። ወለዱ በሙሉ በእሱ ላይ ይቆጠራል፤ ከዚያ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ እሱም ማኅበሩን ላለማስቀየም ዝም ይላል። ይህን መሥሪያ ቤቱ ላይ ብቻ አላላክክም። ማኅበሩ በራሱ ስም ሒሳብ ይክፈት፤ ብዙ ባንኮች ለማኅበራት የሚሆን ሒሳብ አላቸው። አንድን ሰው በእምነት ብለን አሸክመን፣ የግብሩን ጣጣ ብቻውን እንዲቀምስ መተው ነውር ነው።

እንግዲህ ወደ መካሪዎቹ። «ክፈልና ተገላገል» የሚለው ምክር ሥሩ ገንዘቡ ማነሱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሥሩ ፍርሃት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ያሳደገን አገር ልጆች ነን። ከመንግሥት ጋር በጽሑፍ መከራከር ወረቀታችንን ያበላሽብናል፣ ዜግነት ያስከለክለናል ብለን እንሰጋለን። ፍርሃቱ ከሜዳ የተነሣ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 አካባቢ ብዙ ባለሙያ ስደተኞች ለሆም ኦፊስ ያስመዘገቡት ገቢና ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳወቁት አልገጠመም ተብሎ፣ ሐቀኛ አይደላችሁም ተብለው የመኖሪያ ፈቃድ ተከልክለዋል። ከእነሱ ውስጥ የግብር ሒሳባቸውን ስላረሙ ብቻ የተጠረጠሩ ነበሩ። ግን የነገሩን መጨረሻም እንንገር፤ በኤፕሪል 2019 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ ማብራሪያ የመስጠት ዕድል ሳያገኙ በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ መፈረጃቸው ሕጋዊ ጉድለት ያለበት አሠራር ነው ብሎ ወሰነ። ከዚህ የምረዳው መካሪዎቹ ከሚሉት ተቃራኒውን ነው። የተከራከረና ማስረጃውን ያስቀመጠ ሰው የሚያሳየው ነገር አለው። ያላገኘውን ወለድ አግኝቻለሁ ብሎ በዝምታ የከፈለ ሰው ግን በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ የሌለ ገቢ አጽፏል። ነገ «ይህን ያህል ወለድ የሚያስገኝ ገንዘብ ከየት አመጣህ? የቤት ኪራይ ድጎማ ስትጠይቅ ለምን አላሳወቅክም?» ቢባል ምን ይመልሳል?

ሌላው የሚያንገበግበኝ የወለድ ሚዛኑ ነው። ግብር ስታዘገይ መሥሪያ ቤቱ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያስከፍልህ ከእንግሊዝ ባንክ ተመን 4 በመቶ ጨምሮ ነው። በስህተት የወሰደብህን ሲመልስ የሚከፍልህ ከዚያው ተመን 1 በመቶ ቀንሶ ነው። ተመኑ 4 በመቶ ቢሆን፣ አንተ በ8 ትከፍላለህ፣ ለአንተ በ3 ይከፈልሃል። ገበያ ላይ እንዲህ ባለ ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። እኔ ግብር አዘግዪውን አትቅጡት አልልም፤ ተሳስቶ የሰው ገንዘብ የያዘውም በዚያው ልክ ይቀጣ ነው የምለው። ስህተት ለሠሪው ርካሽ እስከሆነ ድረስ ለማረም የሚቸኩል የለም።

«ደውልና አስረዳ» ማለትም ቀላል ነው። የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በሜይ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022–23 የግብር ዓመት ደዋዮች መስመር ላይ ሆነው የጠበቁት ጊዜ ቢደመር 798 ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ማርች 19 ቀን መሥሪያ ቤቱ አንዱን የስልክ መስመር በየዓመቱ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር እዘጋለሁ ብሎ አስታውቆ፣ ጩኸቱ ሲበዛ በማግስቱ አቆመው። የሰዓት ደመወዝተኛ ሆኖ ስልክ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው። የመንግሥትን ስህተት የሚያርመው ያለ ደመወዝ የተቀጠረው ግብር ከፋዩ ነው።

ስለዚህ ስልኩን ተዉትና ጻፉ። ከየባንኩ የዓመቱን የወለድ ማረጋገጫ አውርዱ፤ የተዘጋ ሒሳብ ከሆነ የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ጠይቁ። የሚመጣው ስሌት ብዙውን ጊዜ ድምሩን እንጂ ከየትኛው ባንክ እንደመጣ አይዘረዝርም፤ «ይህ ቁጥር ከየት ባንክ ነው የመጣው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የጋራ ሒሳብ ከሆነ ሙሉው በአንዳችሁ ላይ አለመቆጠሩን እዩ። ወረቀቱ ሲምፕል አሴስመንት የሚል ከሆነ ለመቃወም ያላችሁ 60 ቀን ነው፤ «በኋላ አየዋለሁ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚጣል አይደለም። የታክስ ኮዱን ግምት ደግሞ በኢንተርኔት የግል የግብር ገጻችሁ ገብታችሁ ራሳችሁ ማረም ትችላላችሁ። የጻፋችሁትን ሁሉ ግልባጭ አስቀሩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ያው ስህተት ሲመጣ ግን ጥያቄ ማቅረብ አቁሙና አቤቱታ አቅርቡ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አቤቱታ ሁለት ደረጃ አለው፤ በሁለቱም ካልረካችሁ አጁዲኬተር የሚባል ገለልተኛ መርማሪ አለ፤ ከእሱም በላይ በፓርላማ አባላችሁ በኩል የሚሄድ እምባ ጠባቂ አለ። ለፖስታና ለስልክ ያወጣችሁት ምክንያታዊ ወጪ፣ አንዳንዴም ለጭንቀታችሁ አነስተኛ ካሣ ሊከፈል ይችላል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም ኑ ውሰዱ አይላችሁም። የፓርላማ አባሉን «እኔ መራጭ አይደለሁም» ብላችሁ አትተዉት፤ በወረዳው ለሚኖር ሁሉ ተወካይ ነው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ታክስኤይድ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በነፃ ያግዛል።

ጉዳዩ ወደፊት እየቀለለ አይሄድም። በኖቬምበር 2025 በቀረበው በጀት መሠረት ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ግብር በየእርከኑ በ2 ነጥብ ጨምሮ 22፣ 42 እና 47 በመቶ ይሆናል። ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ ሰው በጥሬ ገንዘብ አይሳ ውስጥ በዓመት ማስገባት የሚችለውም ከ20,000 ወደ 12,000 ፓውንድ ይወርዳል። ብዙ ሰው ወደ መረቡ ይገባል፤ የስህተቱም ዋጋ ይጨምራል።

የምንጠይቀው ደግሞ ከባድ አይደለም። አንድ ጊዜ የተከፈለ ወለድ ሰውየው ሳይጠየቅ የሚቀጥለው ዓመት ግምት አይሁን። ወረቀቱ እያንዳንዱን ባንክና መጠን ይዘርዝር። በማስረጃ የታረመ መዝገብ በሚቀጥለው ዓመት ኮምፒዩተሩ መልሶ አያበላሸው። የዘገየ ግብር ወለድና የተመላሽ ገንዘብ ወለድ እኩል ይሁኑ። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን በየዓመቱ ለአዳራሽና ለዘፋኝ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው፣ በየግንቦቱ አንድ ቅዳሜ ደብዳቤ የሚያነብና መልስ የሚጽፍ የሒሳብ ባለሙያ ቢያስቀምጡ፣ እነዚህን አራት ነጥቦች ከነማስረጃው ለፓርላማ አባሎቻችን የሚያደርስ ክምር ወረቀት በአንድ ዓመት ይሰበሰባል።