ዕቅድ ይወርዳል፣ ሪፖርት ይወጣል፤ አፈሩስ?

የአንኮበርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ከላይ የወረደ ነገር ተመልሶ አይወጣም። ድንጋይ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ አፈር ይሁን፣ ከወረደ ወረደ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ግን ይሄ የተፈጥሮ ሕግ አይሠራም። ዕቅድ ቁልቁል ይወርዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። ያውም ወፍሮና አምሮበት! አንዳንዴማ «ከመቶ በላይ ተከናውኗል» ተብሎ ይጨበጨብለታል።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ መውረድና መውጣት ነው። ሲሰሙት የቢሮ ሰዎች ጭቅጭቅ ይመስላል። አይደለም! የገበሬው ጉልበት፣ የሠራተኛው እንጀራ፣ የልጆቻችን ትምህርት የሚበላው እዚሁ ላይ ነው።

ከቅርቡ ልጀምር፤ ከሰሜን ሸዋ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል «የተፋሰስ ልማት» የሚባል ዘመቻ በየዓመቱ ሲካሄድ ኖሯል። አዝመራው ተሰብስቦ ገበሬው ትንሽ አረፍ ሊል ሲል፣ ዶማና አካፋ ይዞ ውጣ ይባላል። ክፍያ የለውም። ሥራው ራሱ ክፉ አይደለም። የአንኮበር ተዳፋት እርከን ካልተሠራለት ልጆቻችን የሚያርሱት ድንጋይ ብቻ ነው። እኔ የምጣላው ከእርከኑ ጋር ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ጋር ነው።

ዕቅዱ እንዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ። ክልሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ ያካፍላል። ቀበሌው ከ25 እስከ 30 አባወራ ለያዘው የልማት ቡድን፣ ቡድኑ ደግሞ ለ«አንድ ለአምስት» ይሸነሽነዋል። በመጨረሻ ገበሬው እጅ ላይ የምትደርሰው አንዲት ቁጥር ናት፤ ይሄን ያህል ሜትር። ይሄንን «ዕቅድ ማናበብ» ይሉታል። ዞኑ ከክልሉ ተናበበ፣ ወረዳው ከዞኑ ተናበበ፣ ቡድኑ ከቀበሌው ተናበበ። ጥሩ! ግን እስቲ ልጠይቅ፤ መሬቱን ማን አነበበው?

መሬቱ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ የገበሬው ጠላት ውርጭና የሚተኛ ውሃ ነው። ውሃውን ከማሳው ማስወጣት ይፈልጋል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አለፍ ብላችሁ አንኮበር ስትደርሱ ደግሞ ጭንቀቱ የሚሮጠውን ውሃ መያዝ ነው። አንዱ «አውጣልኝ» ይላል፣ ሌላው «ያዝልኝ» ይላል። የሜትር ኮታ ይሄንን አይሰማም። ገበሬው «እርከኑ መሬቴን አጠበበው፣ በሬ ማዞሪያ አሳጣኝ፣ አይጥ አራባብኝ» ሲል ቅሬታው የሚጻፍበት መስመር የለም። ቢጻፍም «የአመለካከት ችግር» በሚለው ሥር ነው።

እኔ ራሴ በሰሜን ሸዋ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ቅጽ ስሞላ ኖሬያለሁ። «ዕቅድ»፣ «ክንውን»፣ «በመቶኛ»፣ «ምርመራ» የሚሉ አራት ዓምዶች ነበሩት። «የፈረሰ» የሚል ዓምድ ግን አልነበረውም! በአንዱ ክረምት የበጋው እርከን በጎርፍ ተቀዶ ቦረቦር ሆኖ አየሁ። ይህንኑ «ምርመራ» በሚለው ሥር ጻፍኩ። በዕድሜ ታናሼ የሆነው አለቃዬ ጠርቶ «ጋሼ፣ ቅጹ የጠየቀዎትን ብቻ ይሙሉ። ይሄ ነገር የኛን ቡድን ከሌሎቹ ያሳንሰዋል» አለኝ። አልሰረዝኩትም። የስድስት ወር ውጤቴ ሲመጣ በሥራ ደህና ነበርኩ፤ «ባህሪ» በሚለው ግን ወደቅሁ። ምክንያቱ? «የቡድን መንፈስ ይጎድለዋል»። የደረጃ ዕድገቴ በዚያው ቀረ። የፈረሰውም እርከን በሪፖርቱ ላይ እንደቆመ ቀረ። ስንቱ ሠራተኛ ይሄንኑ ታሪክ በየቤቱ ይዞ እንደተቀመጠ እናንተም ታውቃላችሁ።

ለመሆኑ ይሄ አሠራር ከየት መጣ? ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመጣብንን የፊደል ጋጋታ አስታውሱ። መጀመሪያ ቢ.ፒ.አር. መጣ፤ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ»። የመምሪያ ኃላፊው «የሂደት ባለቤት» ተባለ። ሂደቱ ባለቤት አገኘ፣ ባለጉዳዩ ግን ባለቤት አጣ! «የዜጎች ቻርተር» ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ በስንት ደቂቃ እንደምንስተናገድ እያነበብን ግማሽ ቀን ቆምን። ቀጥሎ ቢ.ኤስ.ሲ. መጣ። ካይዘን ተከተለ። «የለውጥ ሠራዊት» ተገነባ። አበው «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ለካ ለዚህ ነው።

በፈጣሪዎቹ ላይ ግን መፍረድ አይገባም። ቢ.ኤስ.ሲ.ን ያመጡት ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። 12 ኩባንያዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 ጻፉት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ኩባንያ ካዝናውን ብቻ እያየ አይመራ፣ ደንበኛውንም፣ የውስጥ አሠራሩንም፣ ትምህርቱንና ዕድገቱንም ይይ። እኛ እነዚህን «አራት ዕይታዎች» ብለን ተረጎምናቸው። «የተገልጋይ ዕይታ» የሚለው አንዱ ነው። ታዲያ ተገልጋዩ ማን ሆኖ አረፈው? ለወረዳው ተገልጋይ ዞኑ ሆነ፣ ለዞኑ ክልሉ። ሁሉም ወደ ላይ እያንጋጠጠ ያገለግላል። አራት ዓይን ተሰጥቶት አንዱም ወደ ታች የማያይ ፍጡር ከኛ ቢሮ ሌላ የት ይገኛል?

ካይዘንማ ይብሳል። ከጃፓን አመጣነው፣ ኢንስቲትዩት አቋቋምንለት። ጃፓኖቹን ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለ ጥራት ያስተማራቸው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ግን በ14 ምክሮቹ ውስጥ የቁጥር ኮታን አስወግዱ ብሏል። በኮታ የሚመራ ሠራተኛ ቁጥሩን ይሞላል እንጂ ሥራውን አያሻሽልም ባይ ነው። እኛ ዘዴውን አስገብተን ምክሩን ጉምሩክ ላይ ጥለነው መጣን።

ኮታ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። ዕድሜያችሁ የሚፈቅድላችሁ የደርግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት አትረሱትም። በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኮታው ከማዕከል ተነስቶ በክፍለ ሀገር፣ በአውራጃና በወረዳ አድርጎ እስከ ገበሬ ማኅበር ይወርድ ነበር። ያም «ተናባቢ» ነበር! አዝመራ የከዳው ገበሬ ታዲያ ምን ያደርጋል? እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። ኮታው ሞላ፣ ገበሬው ባዶ ጎተራ ይዞ ቀረ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሳ ማንም አላለቀሰለትም። በዚያው ሰሞን፣ በመንግሥት ለውጡ ጊዜ፣ በእህል ዕርዳታ የተሠራ ስንትና ስንት እርከን በባለመሬቶቹ እጅ ፈረሰ። ለምን? የሌላ ሰው ቁጥር ስለነበረ ነዋ! የራሱን ግንብ የሚያፈርስ ሰው የለም።

ኢህአዴግ መጥቶ ኮታውን «ግብ»፣ ዘመቻውን «ንቅናቄ» አለው። አልሸሹም ዞር አሉ! ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ተሠርተው ምርቱ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተባለ። የደረሰውን ለማወቅ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም። በሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ለሁለት ኪሎ ስኳር የተሰለፈ ሁሉ ምስክር ነው። ላም አለኝ በሰማይ...

ኋላ ብልጽግና የተባለውም ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው የተመረቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ችግኝ ይተከላል ተብሎ ታቀደ። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። በሰዓት ከ29 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው! ይሁን፣ ተተከለ እንበል። ስንቱ ጸደቀ? ይሄንንም መንግሥት ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ ነው የነገረን። ባላገር «ተተከለ»ን እና «ጸደቀ»ን ለይቶ ያውቃል። ሪፖርቱ ግን «ተተከለ» ላይ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

«ታዲያ ያለ ግብና ያለ መለኪያ አገር ይመራል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ማን ወጣው? መለኪያ ይኑር ነው የምለው፤ እውነተኛ መለኪያ! ምሳሌውም ከሩቅ አይመጣም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አንዲት ጥድ የምትባል ቦታ አለች። እዚያ በ1974 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከፈቱ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ከተራራው የሚወርደው ውሃ ተሰብስቦ በሚወጣበት በር ላይ መቆም ነው። የውሃው ከፍታ ይለካል። ዝናብ ጥሎ ውሃው ሲደፈርስ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ይጣራል፣ ደለሉ ደርቆ ይመዘናል። «ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ሠራችሁ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። ጠርሙሱ ራሱ ይመልሳል። እርከኑ ከሠራ ደለሉ ይቀንሳል፤ ካልሠራ ውሃው ቡና መስሎ ይወርዳል። ጠርሙስ ደግሞ ስብሰባ አይጠራ፣ ዕድገት አይለምን፣ «የአመለካከት ችግር» አይባል!

ስንት ዓመት ሙሉ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እንዲህ ያለ ሚዛን እያለ፣ ዘመቻው በሜትር ይቆጠራል። ይሄ ያለማወቅ አይደለም። ሜትር ሪፖርት አቅራቢውን ያሾመዋል፤ ጠርሙስ ግን ያጋልጠዋል።

መጋለጥ ምን እንደሚመስል በትምህርቱ በኩል አይተናል። ተማሪዎችም በ«አንድ ለአምስት» ተደራጅተው፣ ትምህርት ቤቱ «የማሳለፍ ግብ» ወርዶለት፣ ግቡ እየተመታ ኖረ። ኩረጃው ደግሞ ከግቡ ጋር «ተናቦ» ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም! የትምህርት ሚኒስቴር ይሄንን ሳይሸፋፍን በማውጣቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ለዓመታት «ግቡን መታን» ሲሉ የኖሩት ግን የት ገቡ? ተሹመው ሄደዋል። የወደቁት ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ነገሬን ልሰብስብ። ሹማምንቱ ባይሰሙ እንኳ አንባቢ ይፍረድ።

አንደኛ፣ መለኪያው ውሃው መውጫ ላይ ይቁም። ሜትር ሳይሆን ደለል፣ የተተከለ ሳይሆን የጸደቀ፣ የተሰጠ ሥልጠና ሳይሆን የተፈታ ጉዳይ ይቆጠር። «የፈረሰ» የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ ይግባ፤ የሞላውም ሰው አይቀጣ።

ሁለተኛ፣ ሠሪና ቆጣሪ ይለያዩ። በሪፖርቱ የሚሾም ሰው ሪፖርቱን አይጻፍ። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ያስተማረን ይሄንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቅድ ከታች ይውጣ። የአንኮበር ቡድን የአንኮበርን ግብ፣ የሜዳው ቡድን የሜዳውን ግብ ይጻፍ፤ የበላይ አካል ሥራ እነዚህን ማገናኘትና ማገዝ ይሁን። የመሥሪያ ቤት ግብም ባለጉዳዩ ካልፈረመበት ግብ አይባል።

«ሕዝቡ ይሄን አይችልም» የሚል ካድሬ ካለ ደቦን ይይ። ደቦ የጠራ ሰው ቅጽ አያድልም፣ «አንድ ለአምስት» አያደራጅም። ዛሬ የሚታጨደው የትኛው ማሳ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ሥራውን በየአቅሙ ይከፋፈላል፣ ጠላው ይጠጣል፣ በማግሥቱ የሌላው ተራ ነው። መለኪያው አውድማው ነው። አውድማ ላይ «ከመቶ በላይ» የሚባል ነገር የለም፤ እህሉ ወይ አለ፣ ወይ የለም። የኛዎቹ ግን ዘንድሮም ወረቀት ከምረው እየወቁ ነው። ቢወቁት ምን ሊወጣው?