ባሻ ጎመኑን ሳተው

አክስቴ የምትኖረው አዳማ ነው። ግቢዋ ውስጥ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር፣ ከገባ ሃያ ዓመት ያለፈው ኤሊ አለ። ባሻ ይባላል። ስሙን ያወጡለት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤቷ ናቸው፤ አረማመዱ የጡረታ ወታደር ይመስላል ብለው። አንድ ክረምት ከከባድ ዝናብ በኋላ በጎርፍ መውረጃው ቀዳዳ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ስምጥ ሸለቆ ቀድሞም የእነሱ አገር ነው። ጀርባቸው ቢጫና ጥቁር የተዥጎረጎረ፣ ሳይንሱ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ የሚላቸው የየብስ ኤሊዎች ከእኛ አገር ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛሉ። ይህን ስል ማንም ሰው ከጫካ ኤሊ አንሥቶ ቤቱ እንዲወስድ ፈልጌ አይደለም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ሕጉም አይፈቅድም። የምጽፈው ኤሊው አስቀድሞ ደጃቸው ላለ ሰዎች ነው።

ያለፈው ፋሲካ ማግስት አክስቴ ጋ ነበርኩ። ረፋድ ላይ ጎመን ከትፋ በአሮጌ ሰፌድ አቀረበችለት። ባሻ መጣ። አንገቱን አስረዘመ፣ አፉን ከፈተ፣ ነከሰ። የነከሰው ግን ጎመኑን አይደለም፤ ከጎመኑ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ የሰፌዱን ጠርዝ ነው። ባዶውን አኘከ። እንደገና ከፈተ፤ አሁን ደግሞ አፈር ዘገነ። በሦስተኛው ቅጠሉ አፍንጫውን ሲነካው ነው ያገኘው።

«አርጅቷል» አለ የጎረቤት ልጅ። ቤት ውስጥ የምታግዘው ልጅ «ጠግቦ ነው፣ ትናንት ብዙ በልቷል» አለች። እኔ በሙቀቱ አመካኘሁ። አክስቴ ብቻ ዝም ብላ አየችው።

«አያይም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«እኔስ የዓይኔ ሞራ ሳይገፈፍልኝ በፊት ወጡን እንዲህ አልነበር የምስተው? ያለበት እየመሰለኝ ባዶ ትሪ ስጠርግ አላየሽም?»

አይቼ ነበር። ያኔ ለእሷም «እርጅና ነው» ብለን ስንት ወር እንዳሳለፍን ትዝ አለኝ። ይህን ዓምድ የጻፍኩት በዚህች ቃል ምክንያት ነው። «አርጅቷል»፣ «ጠግቧል»፣ «አኩርፏል» ስንል የእንስሳውን ጠባይ የተናገርን ይመስለናል፤ ያደረግነው ግን ማየታችንን ማቆም ነው። ኤሊ ደግሞ አይጮኽም፣ መጥቶ እግርህ ሥር አይተኛም። ሳይበላ ብዙ ሳምንት መቆየት ስለሚችል በረሃብም ቶሎ አይወድቅም። ችግሩን የሚናገርበት አንድ ሰዓት ቢኖር የሚበላበት ሰዓት ነው።

ኤሊ ምግቡን መጀመሪያ የሚፈልገው በዓይኑ ነው። ቀለም አጥርቶ ይለያል፤ ቀይና ቢጫ ከሩቅ ይስበዋል። ሲቀርብ በአፍንጫው ያረጋግጣል፣ ከዚያ ይነክሳል። ዓይኑ ሲደክም አፍንጫው ሥራውን ይሸፍንለታል። ስለዚህ ነው ባለቤቱ ለወራት ሳያውቅ የሚቀረው፤ ሰፌዱ በመጨረሻ ባዶ ሆኖ ይገኛላ! በስንት ስህተት ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ብቻ ነው።

አክስቴ ስታስብ ሌላም ነገር ትዝ አላት። ቀይ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አላት። ባሻ ያንን ጫማ ባየ ቁጥር ቲማቲም እየመሰለው ይከተላትና አውራ ጣቷ አጠገብ ይነክሰው ነበር፤ ጫፉ ላይ የምንቃሩ ምልክት አሁንም አለ። «ከጥምቀት ወዲህ ጫማዬን ነክቶት አያውቅም» አለች። ጨዋ የሆነ መስሏት ደስ ብሏት ከርማለች።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል፤ እኔም የገባኝ በኋላ ነው። መብላት ያልፈለገ ኤሊ ፊቱን ያዞራል ወይም ራሱን ወደ ቅርፊቱ ይሰበስባል። ብርድ ሲይዘው፣ ሆዱ ሲታመም፣ አፉ ሲቆስል እንዲህ ነው። ምንቃሩ ከልክ በላይ ያደገበት ደግሞ ምግቡን በትክክል ያገኘዋል፤ መቁረጡ ነው የሚያቅተው፤ ቅጠሉ ከአፉ ይንሸራተታል። ማየት ያቃተው ግን ይፈልጋል፣ ይመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይስታል። ፍላጎቱ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ኢላማው ነው። ደህና ኤሊም አንዳንዴ ይስታል፣ በተለይ ምግቡ ከአገጩ ሥር ሲሆን። በአንድ ቀን መፍረድ አይገባም። ሦስት አራት ቀን በተከታታይ፣ በዚያው በኩል ሲስት ግን ሌላ ነገር ነው።

እኛም በማግስቱ ሞከርነው። የበሰለ ቲማቲም በሚያሳይ ላስቲክ ጠቅልዬ የላስቲኩን አፍ ቋጠርኩት፤ ሽታው እንዳይረዳው። እጄን በፍጥነት ባንቀሳቅስ ንፋሱ ይሰማዋል፤ እግሬን ባነሣ የመሬቱ ንዝረት ይነግረዋል። ስለዚህ አጎንብሼ ባለሁበት ሳልንቀሳቀስ ቲማቲሙን ቀስ አድርጌ በቀኙ በኩል አመጣሁት። ዓይኑ አጠገብ ደረሰ፤ ባሻ ንቅንቅ አላለም። በግራው በኩል አመጣሁት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ግማሽ ክድን የሆነው ግራ ዓይኑ ትንሽ ተከፈተ፣ አንገቱ ዘግየት ብሎ ቲማቲሙን ተከተለ። አክስቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

በስልኬ መብራት ቀረብ ብዬ አየሁት። የቀኙ ዓይን ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። የግራው የዓይን ቆብ እብጥ ብሎ ወደ ውጭ ተገፍቷል። ጉንጩ ላይ እርጥበት ነበረበት፤ እሱ ብቻውን በሽታ አይደለም። እኛ እንባችን ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቱቦ አለን፣ ኤሊ የለውም፤ ስለዚህ እንባው በፊቱ ላይ ቢፈስ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው እብጠቱ፣ የዓይን መከደኑና ንጣቱ ነው። አፍንጫው አረፋ ቢያወጣ ደግሞ የመተንፈሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሎች ኤሊዎች ቢኖሩ ኖሮ ወዲያው ልንለየው ይገባ ነበር።

ጎረቤት ተሰብስቦ ምክር አዋጣ። አንዷ የሻይ ውኃ አለች። ሌላው ቤቱ የነበረ የሰው ዓይን ጠብታ ይዞ መጣ። በቅን ልቡና ነው፣ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ የተጫረ ዓይን ላይ ሲገባ ቁስሉን ያባብሰዋል። «የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፣ መርፌ ውጉት» የሚልም አይጠፋም። እጥረቱ የዓይን ቆብን ማሳበጡ እውነት ነው፤ ይበልጥ የሚታየው ግን በውኃ ኤሊዎች ላይ ነው፤ የየብስ ኤሊ በመርፌ ከልክ በላይ ሲወጋ ደግሞ ቆዳው ይላጣል። ሳይመረመር የሚሰጥ መድኃኒት ያለውን ዓይን ሊያሳጣው ይችላል።

ባሻን ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፈን በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክመው ከብትና ውሻ ነው፤ ይህንኑ ሳይደብቅ ነገረን። የማያውቀውን፣ ስልክ ደውሎ ጠየቀ፤ ለዚህም ነው ያመንኩት። መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ዓይኑ አልነበረም።

«ምን ይበላል? የሚተኛው ምን ላይ ነው?»

አክስቴ ነገረችው። በጋውን ሙሉ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ ልጣጭ ሲገኝ፣ ቲማቲም። የሚተኛው የጤፍ ገለባ ላይ።

ሐኪሙ የግራውን ዓይን ቆብ አደንዝዞ በጥንቃቄ ገለጠው። ከሥሩ በትንሽ ወረንጦ ያወጣው ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል፣ ነጭ፣ ጠጠር ያለ፣ አይብ የመሰለ። የኤሊና የእባብ ዘር መግል እንደ እኛ አይፈስም፤ እንዲህ ይረጋል። ለዚህ ነው ጠብታ ብቻውን የማያወጣው። መሃሉ ላይ ቀጭን የገለባ ስንጥር ነበረች። ሐኪሙ በጨው ውኃ አጠበው። ከሥሩ ዓይኑ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ነበር። ባሻ አንዴ ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ቀጥ ብሎ አክስቴን አየ። እሷም እንባዋ መጣ።

የቀኙ ሞራ ነው። ለኤሊ የሞራ ቀዶ ሕክምና በሌላው ዓለም ይሠራል፤ እሱ ግን እዚህ አልመከረንም። ግራው ከዳነ በቂው ነው አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጆናታን ማንበብ ጀመርኩ። ናፖሊዮን በግዞት በሞተባት በሴንት ሄለና ደሴት የሚታወቅ የሲሼልስ ግዙፍ ኤሊ ነው። ወደ ደሴቲቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ያኔም አዋቂ ስለነበር የተወለደው በ1832 ገደማ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በሞራ ምክንያት ታውሯል፣ የማሽተት ችሎታውም ጠፍቷል። ማለት ዓይኑንም፣ ዓይኑን የሚተካውን አፍንጫውንም አጥቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ጆ ሆሊንስ ኤሊው በደህና እንደማይመገብ ያስተዋለው አበላሉን አይቶ ነው፤ ሣር መቁረጥ አቅቶት ነበር፣ ምንቃሩም ደንዝዞ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን በወፍራም ጓንት ጎመን፣ ካሮት፣ ኪያር፣ ሙዝና ፖም ያጎርሱት ጀመር። ሰውነቱ ተመለሰ፤ ምንቃሩም እንደገና ተሳለ። የሐኪሙን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ጊነስ 190 ዓመት ሞልቶታል ብሎ መዝግቦታል። ማጉረስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለአክስቴ ስነግራት «ታዲያ ሌላ ምን ይደረግለታል?» አለች።

አውሮፓና አሜሪካ ከምትኖሩ አንባቢዎቼ መካከል ለልጆቻችሁ ትንሽ ኤሊ የገዛችሁም አላችሁ። የእናንተ ጣጣ ከገለባ ይለያል። ቤት ውስጥ የምታበሩላቸው የአልትራቫዮሌት አምፖል በጣም ከቀረበ ዓይናቸውን ያቃጥላል። በክረምት የሚያንቀላፉት የሜዲትራኒያን ኤሊዎች ደግሞ ሳጥናቸው ውርጭ ከገባበት ዓይናቸው ይጎዳል። በጸደይ ነቅቶ አንድ ቦታ የሚዞር፣ ሰላጣውን ረግጦት የሚያልፍ ኤሊ ካላችሁ ገና እንቅልፉ አለቀቀውም ብላችሁ አትተዉት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በወራት እንክብካቤ የተወሰነ ብርሃን ይመለስላቸዋል።

አክስቴ ገለባውን ጠርጋ በደረቅ ሣር ተካችው። ጥቅል ጎመኑን ቀንሳ የአበሻ ጎመን፣ የስኳር ድንች ቅጠልና የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾኹን አቃጥላ ትሰጠዋለች። ሰፌዱን ትታ ነጭ ትሪ አወጣች፤ አረንጓዴው ነጩ ላይ ጎልቶ እንዲታየው። ትሪውን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በግራው በኩል ታስቀምጠዋለች፤ ከማስቀመጧ በፊት በጣቷ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። እጇን ከዚያ በኋላ በሳሙና ትታጠባለች፤ ኤሊ ሳልሞኔላ ሊይዝ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቋታል።

በወር በወሩ መመዘን አለበት ስለተባለ ሰፈሩ መግቢያ ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከሐኪም ቤት የተመለሰ ቀን 8 ኪሎ ተኩል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ደወለችልኝ። 9 ኪሎ ከ100 ገብቷል። ስልኩን ሳትዘጋ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ትሪው ላይ ጎመን ሲቆረጥ።